«በርበሬው ነው» ያልነው ሕመም

መርካቶን የምታውቁ ሰዎች በርበሬ በረንዳን የምታውቁት በዓይናችሁ ሳይሆን በአፍንጫችሁ ነው። ገና ሳትደርሱ ያስነጥሳችኋል። ዛላው በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ እስከ መንገዱ ድረስ ተደርድሯል፤ ተሸካሚው «ዞር በል! ዞር በይ!» እያለ በጎናችሁ ያልፋል፤ ደላላው የማረቆውንና የሀላባውን እያወዳደረ ይምላል ይገዘታል። እዚያ ሰፈር ደረቱን ይዞ የሚያስልን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሁሉም ያስላላ! «በርበሬው ነው» ይባላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሥራ ይቀጥላል።

አጎቴ እዚያ ሲነግዱ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኔ ኢኮኖሚክስ ተምሬ የተመረቅኩት በእሳቸው ሚዛን ነው ማለት ይቻላል። የትራንስፖርቱም፣ የደብተሩም፣ የምረቃ ቀሚሴም ብር የወጣው ከዚያች ሱቅ ነው። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ ሒሳብ እሠራላቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለተሸካሚ ማዳበሪያ ሲያሸክሙ ድንገት ቆም አሉ። ደረታቸውን ያዙ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። እኔ ከደብተሩ ቀና ብዬ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ጋሼ፣ በርበሬው ነው። ውሃ ላምጣልዎት?»

በርበሬው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያቺን ቃል መልሼ መዋጥ ስለማልችል ነው። ቢያንስ እናንተ እንዳትሏት።

«ጨጓራ ነው፣ ወተት ስጧቸው»

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ብርድ ነው» አለ። ሌላው «ጨጓራ ነው፣ ወተት ስጧቸው» አለ። አጎቴ ራሳቸው ግን «እንደ ካራ በደረቴ ገብቶ በጀርባዬ ወጣ» አሉ። ያኔ ማናችንም ጆሮ አልሰጠናቸውም። በኋላ እንደተረዳሁት ግን ምርመራውን ግማሽ ያህል የነገሩን በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሕመሙ ቀስ ብሎ አልመጣም፤ በአንድ ቅጽበት ጣሪያ ነካ። አንድ ቦታም አልቆመም፤ ተጓዘ።

ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ኢሲጂ ተነሱ። ሀርት አታክ አይመስልም ተባለ። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ነበር፣ «ሕመም ላይ ስለሆኑ ነው» ተባለ። የጨጓራ መርፌ ተወግተው፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

ክሊኒኩን ለመውቀስ አይደለም። እኔም አንድ ሰዓት ቀድሜ ያንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። ደግሞ ቁጥሩን ተመልከቱ። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ይህ ሕመም በዓመት የሚይዘው ከ100 ሺህ ሰው ከ3 እስከ 6 የሚሆኑትን ነው። ደረቱን ይዞ ክሊኒክ የሚገባው ሰው ግን ስፍር ቁጥር የለውም፣ አብዛኛውም ጨጓራ ወይም ጡንቻ ነው። ብርቅ ነገር በተራ ነገር መሀል ሲደበቅ ተራው ያሸንፋል። መቶ ጊዜ «ጨጓራ ነው» ብሎ ልክ የሆነ ሰው መቶ አንደኛዋ ላይም ይህንኑ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ወደ ትከሻቸው መሀል፣ ከዚያ ወደ ወገባቸው ወረደ። ወደ 9 ሰዓት ገደማ «የግራ እግሬ የኔ አይመስለኝም» አሉ። ዳሰስኩት። የቀኙ ይሞቃል፤ የግራው ቀዝቅዟል።

ራይድ ጠራሁ። ከመርካቶ ቅዳሜ ከሰዓት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለምታውቁት አልነግራችሁም።

ሁለተኛው እጅ

ሁለተኛው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን በዕድሜ ከኔ ብዙም የማይበልጥ ሐኪም ነው። የቀኝ እጃቸውን ግፊት ለካ። 198 ከላይ። ከዚያ እስካሁን ማንም ያላደረገውን አደረገ። «አባት፣ ሁለተኛውን እጅዎን ደግሞ ይስጡኝ» አላቸው። የግራው 152 ሆነ።

ያው ሰው፣ ያው ደቂቃ፣ ሁለት የተለያየ ግፊት። የሐኪሙ ፊት ተለዋወጠ። በሁለቱ እጆች መካከል ከ20 በላይ ልዩነት ሲኖር፣ በተለይ እንዲህ ካለ ሕመም ጋር ከመጣ፣ ደም በሚሄድበት ትልቁ መንገድ ላይ አንድ ነገር ተፈጥሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም እግሮች ዳሰሰ፤ የግራው ትርታ የለም ማለት ይቻላል። «የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ጠየቀ። ታዞላቸው ነበር። ከ4 ወር በኋላ «ተሽሎኛል» ብለው አቁመውታል።

«ሲቲ ስካን በኮንትራስት አሁን ያስፈልጋል» አለ።

እዚህ ላይ የቤተሰብ ስብሰባ ተጀመረ። ስታውቁት እንዴት እንደሆነ! ታላቅ ወንድማቸው በስልክ «ጠዋት ራጅ ይነሱና እንይ» አሉ። አጎቴ አልጋ ላይ ተኝተው፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ ዋጋውን ሲሰሙ «ለአንድ ፎቶ የአንድ ፈረሱላ በርበሬ ዋጋ?» አሉ። ነጋዴ ሞት አፋፍ ላይም ይከራከራል።

አራት ዓመት የተማርኩት ትምህርት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። «ጋሼ፣ ሲቲው ባዶ ከሆነ የምናጣው አንድ ፈረሱላ ነው። ሳንነሳ ቤት ከሄድን የምናጣው እርስዎን ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ኪሳራዎች እኩል አይደሉም» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ክፈይ» አሉኝ።

ራጁስ ለምን አልበቃም? የደረት ራጅ አንዳንዴ የደረት መሀሉ ጥላ ሰፍቶ ያሳያል፣ ያ ጥርጣሬ ይሰጣል። ግን ራጃቸው ጤነኛ መስሎ ይህ ሕመም የተገኘባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ደህና ራጅ ነጻ አያወጣም።

የተቀደደው ላስቲክ

ምን ነበር የሆኑት? አኦርታ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ወሳጅ ቧንቧ ነው። ከልብ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ እንደ ከዘራ ይቆለመማል፣ ከዚያ በጀርባ አጥንት ዳር ቁልቁል ይወርድና እምብርት አካባቢ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግሮች ይሄዳል። ግድግዳው ሦስት ንብርብር አለው። የውስጠኛው ንብርብር ሲሰነጠቅ ደሙ በስንጥቁ ገብቶ ንብርብሮቹን ይለያያቸዋል። ሐኪሞች አኦርቲክ ዳይሴክሽን ይሉታል።

ከማንም ሐኪም በተሻለ ያስረዱኝ አጎቴ ናቸው። ከዳኑ በኋላ ለጠያቂ ሁሉ እንዲህ እያሉ ነበር፦ «የተፈጨ በርበሬ የሚጫንበትን ማዳበሪያ አስብ። ውስጡ ላስቲክ አለው። ላስቲኩ ሲቀደድ በርበሬው በላስቲኩና በማዳበሪያው መሀል ይገባል። ከውጭ ስታየው ሙሉ ነው፣ ምንም አልፈሰሰም። ውስጡ ግን አልቆለታል።»

ልዩነቱ በርበሬ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ደም ግን አይቀመጥም። ልብ በመታች ቁጥር ስንጥቁን ትገፋዋለች። አሁን ቧንቧው ሁለት መንገድ አለው፤ እውነተኛውና ሐሰተኛው። ሐሰተኛው እያበጠ እውነተኛውን ይጫነዋል። ወደ አንጎል፣ ወደ ኩላሊት፣ ወደ አንጀት፣ ወደ እግር የሚሄዱት ቅርንጫፎች በመንገዱ ላይ ናቸው። የተዘጋበት ሁሉ ይራባል። የአጎቴ እግር የቀዘቀዘው ለዚህ ነው። እግሩ ምንም አልሆነም፤ ችግሩ ያለው ደረት ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሐኪሞች ሁለት ዓይነት ብለው ይከፍሉታል፤ የስታንፎርድ አመዳደብ ይባላል። ስንጥቁ ከልብ የሚወጣውን የመጀመሪያውን ክፍል ከነካ «ኤ» ነው። ይኼኛው ካልታከመ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በየሰዓቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሞት አደጋ እንዳለው በሕክምና መጻሕፍት ሲጠቀስ ኖሯል። ደረት ተከፍቶ፣ ልብ ቆሞ፣ ማሽን የልብን ሥራ እየሠራ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል። ያንን ማድረግ የሚችል ቦታ በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ካልነካ ደግሞ «ቢ» ይባላል፤ ሌላ አካል ካልጎዳ በአብዛኛው ግፊትንና የልብ ምትን በመድኃኒት ዝቅ በማድረግ ይታከማል።

የአጎቴ «ቢ» ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል።

ጥቁሩ ክፍል ውስጥ ምን ያያሉ?

ውጤቱ የተጻፈበት ወረቀት ሲሰጠኝ ግማሹ አልገባኝም። ፊልሙን በስልኬ አንስቼ ለጓደኛዬ እህት በቴሌግራም ላክሁላት፤ የራዲዮሎጂ ሐኪም ናት። ምን ብላ መለሰችልኝ? «አንድ ዛላ አይተሽ ኩንታሉን ትገዢያለሽ?» አንድ ሲቲ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁራጭ ምስሎች አሉት። ከላይ እስከ ታች ተራ በተራ ነው የሚታየው። ስለዚህ በስልክ ፎቶ «እስቲ እይልኝ» ማለት ብዙም አይረዳም። ሲዲውን ይዛችሁ ሂዱ። እኔም ይዤ ሄድኩ፤ ኮምፒውተሯ ፊት አስቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረችኝ።

መጀመሪያ ያለ ኮንትራስት የተነሳውን አሳየችኝ። ግድግዳው ውስጥ ብቻ የቋጠረ ደም ካለ እዚያ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ኮንትራስት ከገባ በኋላ ያ ነጭነት ሊደበቅ ይችላል። ከዚያ ኮንትራስት የገባበት። አኦርታው እንደ አምፖል በርቷል፣ መሀሉ ላይ ግን ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። ያ መስመር የተገነጠለው የውስጥ ንብርብር ነው። የአጎቴ «ላስቲክ»። በአብዛኛው ሰፊው መንገድ ሐሰተኛው ነው፤ ጥግ ላይ እንደ ወፍ ምንቃር ይሾላል፣ አንዳንዴም ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የቀሩ ቀጫጭን ክሮች አሉት።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሐኪም ያውቀዋል። «እኔን እንቅልፍ የሚነሱኝ ብርቅዬዎቹ ናቸው» አለችኝ። እየቆጠረች የነገረችኝን በኔ ቋንቋ ላስቀምጠው።

አንደኛው፣ መንገዱ ሁለት ሳይሆን ሦስት የሚሆንበት ነው። የተሰነጠቀው ግድግዳ ራሱ እንደገና ይሰነጠቃል። ምስሉ ላይ ሦስቱ መስመሮች መሀል ላይ ይገናኙና ቁርጥ የመርሴዲስ መኪና ምልክት ይመስላሉ፤ ስሙም ያው ነው። መርካቶ ውስጥ መርሴዲስ የሀብት ምልክት ነው፣ ሲቲ ላይ ግን ግድግዳው በጣም መድከሙን ይናገራል።

ሁለተኛው ካልሲ ነው። የውስጠኛው ንብርብር በአንድ ጎን ሳይሆን ዙሪያውን ይቀደድና፣ ደም ሲገፋው እንደሚገለበጥ ካልሲ ወደ ራሱ ይጠቀለላል። ወደ ፊት ሄዶ የአንጎልን መስመር ሊዘጋ፣ ወደ ኋላ ተመልሶም የልብን በር ሊያውክ ይችላል። ተንኮሉ ምኑ ላይ ነው? ንብርብሩ ተነቅሎ ስለሄደ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ያ የሚታወቀው ጥቁር መስመር ላይታይ ይችላል። መስመሩን ብቻ የሚፈልግ ዓይን «ደህና ነው» ብሎ ያልፋል።

ሦስተኛው የጋራ ግድግዳ ነው። መርካቶ ውስጥ ሁለት ሱቆች አንድ ግድግዳ እንደሚጋሩት፣ አኦርታና ወደ ሳንባ የሚሄደው ቧንቧ ልብ ላይ ሲነሱ የውጭ ሽፋናቸውን ይጋራሉ። ከአኦርታው ጀርባ ደም ካፈተለከ በጋራው ሽፋን ሾልኮ የሳንባውን ቧንቧ ዙሪያውን ይጫነዋል። ያላወቀ ሰው ሳንባ ውስጥ የረጋ ደም ነው ብሎ ደም ማቅጠኛ ሊሰጥ ይችላል። ለሚፈስ ሰው ማቅጠኛ! አስቡት።

አራተኛው ወደ ልብ ክፍሎች የሚከፈት ቀዳዳ ነው። ኮንትራስቱ በዚያ ሰዓት መድረስ የሌለበት ቦታ በርቶ ሲታይ ያኔ ይጠረጠራል።

ሌላም አለ፣ ይኼኛው ግን ያን ያህል ብርቅ አይደለም። ስንጥቁ ልብን የሚመግቡትን ቧንቧዎች፣ በተለይ የቀኙን፣ ሊዘጋ ይችላል። ያኔ ኢሲጂው እውነተኛ ሀርት አታክ ያሳያል። እውነትም ነው፣ መነሻው ግን ሌላ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት መስጠት እዚህ ላይ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒውም ስህተት አለ። ልብ ስለምትመታ አኦርታ ከሥሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምስሉ ይደበዝዝና ስንጥቅ የሌለበት ቦታ ስንጥቅ ይመስላል። ለዚህ ሲባል ሲቲው ከልብ ምት ጋር ተቀናጅቶ የሚነሳበት ዘዴ አለ፤ ያ ጥርጣሬውን ያጠራዋል።

መጨረሻ ላይ የአጎቴን ኩላሊቶች አሳየችኝ። የቀኙ ቦግ ብሏል። የግራው ደግሞ ደብዘዝ። «ይሄ ከሐሰተኛው መንገድ ነው የሚጠጣው» አለች። የራዲዮሎጂ ሐኪም ሥራ ስንጥቁን ማግኘት ብቻ አይደለም ለካ፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከየትኛው መንገድ እንደሚጠጣ መቁጠር ነው። ያች «ደብዘዝ» ያለች ኩላሊት ውጤቱ ላይ ስለተጻፈች ነው ሐኪሞቹ ሽንታቸውን በየሰዓቱ ሲለኩ ያደሩት።

ንጉሡም፣ ሊቁም

ይህ ሕመም ዘር ወይም ሀብት አይመርጥም። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሁለተኛ ኦክቶበር 25 ቀን 1760 ጠዋት ትኩስ ቸኮሌታቸውን ጠጥተው ጥቂት ሳይቆዩ ሞቱ። አስከሬናቸውን የመረመረው ሐኪም ፍራንክ ኒኮልስ አኦርታቸው ላይ ስንጥቅ፣ በልባቸው ከረጢት ውስጥ ደግሞ ልብን ያፈነ የረጋ ደም አገኘ። ዛሬ ያንን ደም አንድ አልትራሳውንድ አልጋ ዳር በደቂቃዎች ያሳየዋል።

ከንጉሡ ይልቅ የገረመኝ ግን ማይክል ደቤኪ ነው። በ1950ዎቹ ይህን ሕመም በቀዶ ጥገና በማከም ፈር ቀዳጅ የነበረ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ የሕመሙ አንዱ አመዳደብ በስሙ ይጠራል። ዲሴምበር 31 ቀን 2005፣ በ97 ዓመቱ፣ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ያው ካራ ደረቱ ላይ ተሰካ። ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ሆስፒታል አልተኛም ብሎ ሳምንታት ቆየ! በፌብሩዋሪ 2006 እሱ ራሱ ባዳበረው ዓይነት ቀዶ ጥገና ተረፈ፤ የሞተው በ2008፣ 100 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ነው።

ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ምን አሉ? «እና እኔ ብከራከር ምን ይገርምሻል?»

እናንተስ?

ስልካችሁን ይዛችሁ ይህን የምታነቡ ወጣቶች ይህ ሕመም እናንተን የመያዙ ዕድል ትንሽ ነው። የሚያሳስበኝ ቤት ያሉት ናቸው። ይህ ሕመም ከሚይዛቸው ሰዎች ከአራቱ ሦስት ያህሉ የደም ግፊት ያለባቸው ናቸው። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ ግፊት ነበረባቸው። ግፊት አያምም፤ ስለማያምም «ተሽሎኛል» ይባላል።

ወጣት ሆናችሁ የምትጠነቀቁም አላችሁ። በጣም ረጅም፣ እጅና ጣታችሁ ከቁመታችሁ በላይ የረዘመ፣ ቤተሰብ ውስጥ በድንገት የሞተ ሰው ያለ ከሆነ ማርፋን የሚባል በዘር የሚተላለፍ ችግር ሊኖር ይችላል፤ የአኦርታን ግድግዳ ያደክማል። በልብ አልትራሳውንድ መታየት ይቻላል።

ከኔ ስህተት የምትወስዱት ደግሞ ይኸው። ሕመሙ በአንድ ቅጽበት ጣሪያ ከነካ፣ «ቀደደኝ፣ ወጋኝ» ካሉ፣ ከደረት ወደ ጀርባ ወይም ወደ ሆድ ከተጓዘ፣ ከሱ ጋር እግር ከቀዘቀዘ፣ ንግግር ከተሳሰረ ወይም ራስን ካሳተ ጨጓራ ነው ብላችሁ ወተት አትስጡ። 907 ወይም 939 ደውሉ፣ ወይም ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። ሆስፒታል ስትደርሱ ሕመሙ የጀመረበትን ደቂቃና የሄደበትን መንገድ ንገሯቸው። «የሁለቱንም እጅ ግፊት ይለኩልን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ነጻም ነው።

ሚዛን አይዋሽም

አጎቴ 11 ቀን ተኙ። በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ግፊታቸው ወደ 110 ወረደ፣ የልብ ምታቸው ረጋ፣ ሐሰተኛው መንገድ ጫናው ቀንሶ በሦስተኛው ቀን እግራቸው ሞቀ። የግራ ኩላሊታቸውም ሥራዋን አላቆመችም። እንዲህ ሳይሆን የሚቀርባቸው ብዙ እንደሆኑ ሐኪሞቹ አልደበቁንም።

ሲወጡ ግን ትልቁ ጦርነት ተጀመረ። ስንጥቁ አልጠፋም፤ እዚያው አለ። በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ፣ ከዚያ በየዓመቱ ምስል ይነሳል፤ ሐሰተኛው መንገድ እያበጠ ከሄደ መፈንዳት አለና። የስድስት ወሩ ቀጠሮ ሲደርስ አጎቴ ያችን ቃል አመጧት። «ተሽሎኛል እኮ!»

ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። በመጨረሻ በነጋዴ ቋንቋ ተስማማን። እሳቸው ሲቲውን ይነሳሉ፣ እኔ ሦስት ወር ሒሳብ በነጻ እሠራለሁ። የድሮውን ፊልም የት እንዳስቀመጡት ታውቃላችሁ? ሱቅ ውስጥ፣ ከማዳበሪያዎቹ ጀርባ። የሆስፒታሉ ባለሙያ ፖስታውን ሲከፍተው ሦስት ጊዜ አስነጠሰ። አጎቴ በኩራት «የማረቆ ነው» አሉት።

ውጤቱ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። ለቀዶ ጥገና የሚያደርስ አይደለም፣ ግን ጨምሯል። የጓደኛዬ እህት አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋ፣ መስመር አስምራ ለካችላቸው። አጎቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ቁጥሮቹን አዩ። በሕይወታቸው ሙሉ ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ምክር ይከራከራሉ፣ ሚዛን ላይ የወጣ ነገር ግን አይከራከሩም። «ሚዛን አይዋሽም» አሉ በቀስታ።

አሁን ሱቁ ውስጥ የግፊት መለኪያ አለ። በየጠዋቱ ሱቅ ሲከፍቱ ሁለቱንም እጃቸውን ይለካሉ፣ ክኒናቸውን ይውጣሉ፣ ቁጥሩን ይጽፋሉ። የሚጽፉት በየት መሰላችሁ? በዱቤ ደብተራቸው ላይ፣ ከደንበኞች ስም በታች፣ በራሳቸው ስም። ባለፈው ቅዳሜ ሒሳብ ስሠራ አየሁት። 118፣ 121፣ 116። አንድ ቀን ብቻ 140 ተጽፎ ከጎኑ «ከደላላ ጋር ተጣልቼ» ይላል።

ማዳበሪያ ማሸከሙንም ትተዋል። ዳር ቁጭ ብለው ያዛሉ። ተሸካሚ ደረቱን ይዞ ቆም ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚነሱት እሳቸው ናቸው። «ና፣ ቁጭ በል» ይሉታል። «ከየት ጀመረህ? ወዴት ሄደ? እስቲ ሁለቱንም እጅህን ስጠኝ።»